«ስንት?» ብላ የጠየቀች አራስ

ፊዚክስ መማር ለጀመሩ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ደጋግመን የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቁጥርና መለኪያ የሌለው መልስ መልስ አይባልም የሚል ነው። «ርቀቱ ረጅም ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ አያገኝም፤ ስንት ሜትር እንደሆነ መናገር አለበት። ይህን ደንብ በፈተና ወረቀት ላይ አጥብቀን የምንጠብቅ ሰዎች ከመማሪያ ክፍል ስንወጣ ግን በቀላሉ እንረሳዋለን። በተለይ ስለ ጤና ስንነጋገር «ይጎዳል»፣ «አይጎዳም»፣ «ይከብዳል» የሚሉ ቃላት ያለ አንዳች ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወሩ ይውላሉ። ይህ ልማድ አንዲትን አራስ እናት ምን ሊያስከፍላት እንደሚችል በቅርቡ ስላየን፣ ያየነውንና ያሰብነውን ለአንባብያን ማካፈል ወደድን።

ከጥቂት ወራት በፊት የቀድሞ ተማሪያችን የነበረችን አንዲት ወጣት መምህርት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ከባልደረቦቻችን ጋር ወደ ቤቷ ሄደን ነበር። ሕፃኑ ሦስት ሳምንቱ ነው። ገንፎው ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ሕፃኑ አለቀሰ። ልታነሣው እጆቿን ዘረጋች፤ ነገር ግን ያበጡት ጣቶቿ አልታዘዙላትም። እናቷ ፈጥነው ሕፃኑን አነሡና ደረቷ ላይ አደረጉላት። «የአራስ ብርድ ነው፤ ይለቃታል» አሉን። እርሷ ግን እንባዋን ዋጥ አድርጋ ከራስጌዋ አንድ ፌስታል አወጣችና እንዲህ አለችን፦ «ዶክተር፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ‹ስንት?› ይሉን ነበር። እስቲ ዛሬ እኔ ልጠይቅዎ፤ ከዚህ ሁሉ መድኃኒት ወደ ልጄ የሚደርሰው ስንት ነው?»

በፌስታሉ ውስጥ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ነበር፦ ፕሬድኒሶሎን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞል፣ የደም ማነስ መከላከያ የብረት እንክብል፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም ከእርግዝናው በፊት ትወስደው የነበረና የተረፈ ሜቶትሬክሴት። በአንድ የጤና ተቋም «እነዚህን የምትወስጂ ከሆነ ጡት አቁሚ» ተብላለች። በሌላው ደግሞ «ጡት ካጠባሽ መድኃኒቱን አቁሚ» ተብላለች። እርሷም ከሁለቱ ልጇን የሚጠቅም የመሰላትን መርጣ፣ ካየናት አምስት ቀን አስቀድሞ ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ጊዜ አቁማ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ማንም ሰው አንድም ቁጥር አልነገራትም።

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የፊዚክስ መምህር በመድኃኒት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖርም አንቀየምም። በዚያን ቀን ያደረግነውም የውስጥ ደዌ ሐኪም ለሆነ ወዳጃችን መደወል ነበር። ወዳጃችን በመጀመሪያ የደነገጠው በሌላው ሁሉ ሳይሆን ፕሬድኒሶሎን በድንገት መቆሙን ሲሰማ ነው። ይህን መድኃኒት ለሳምንታት የወሰደ ሰው አካል የራሱን ኮርቲሶል ማምረቱን ስለሚቀንስ፣ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል፤ መቀነስ ያለበት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። በነጋታው ጠዋት ሆስፒታል ሄደች። የጠየቀችው ጥያቄ ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

ሕመሙ ለምን ከወሊድ በኋላ?

ይህች እናት የያዛት ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ከጀርም ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ የውስጡን ስስ ሽፋን ሲያጠቃ የሚፈጠር በሽታ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። በአብዛኛው የሁለቱንም እጆች ጣቶችና አንጓዎች ያሳብጣል፤ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ግትር ያደርጋል። ካልታከመ አጥንትን ይበላል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለሆነም «ብርድ ነው፤ ይለቃታል» የሚለው የእናቶቻችን ማጽናኛ በፍቅር የተነገረ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ጊዜን ያስበላል።

የዚህ በሽታ አንድ አስገራሚ ጠባይ አለ። በብዙ ሴቶች ላይ በእርግዝና ወቅት ይበርድና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ያገረሻል። ይህን በጥንቃቄ ከመዘገቡት አንዱ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ነው። ሄንች እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ በእርግዝና ጊዜ ሕመማቸው የቀለለላቸውን ሴቶች ሁኔታ ገለጸ። ከዚያም በአካል ውስጥ የሚመነጭ አንድ ሕመም አብራጅ ነገር መኖር አለበት ብሎ ጠረጠረ። ከኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 ዛሬ ኮርቲሶን የምንለውን ሆርሞን ለአንዲት መራመድ ለተሳናት የ29 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከታዴውስ ራይሽታይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በተማሪያችን ፌስታል ውስጥ የነበረው ፕሬድኒሶሎን የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ የነፍሰ ጡር ሴቶችን ሕመም በማስተዋል የተገኘ መድኃኒት ዛሬ አራሶች ሳያውቁት የሚፈሩት መድኃኒት ሆኗል ማለት ነው።

ግማሽ ዕድሜ

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ተማሪዎቻችን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን ሲያጠኑ ስለ ግማሽ ዕድሜ ይማራሉ። አዮዲን 131 በ8 ቀን ግማሹ ይቀራል፤ በሌላ 8 ቀን የግማሹ ግማሽ። ብዙ መድኃኒቶችም ከደም ውስጥ የሚወጡት ይህንኑ በሚመስል ሕግ ነው። የአይቡፕሮፌን ግማሽ ዕድሜ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ2 ሰዓት በኋላ ግማሽ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሩብ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። አምስት ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም 10 ሰዓት፣ ሲያልፍ የሚቀረው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ከደም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈውስ? መድኃኒት በደምና በወተት መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሳል። በደም ውስጥ ሲቀንስ ከወተቱም ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ እናቶች እንደሚያደርጉት ወተቱን አልቦ መድፋት በራሱ መድኃኒቱን ቶሎ አያስወጣም፤ የሚያጠራው ጊዜ ነው። አይቡፕሮፌን ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው በደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ወደ ወተት ለማለፍ ነጻ የሆነው እጅግ ጥቂት ነው።

ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቀልሉታል። ሕፃኑ በወተት በኩል በኪሎግራም የሚደርሰው መጠን እናቱ በኪሎግራም ከምትወስደው ስንት በመቶ እንደሆነ ያሰላሉ። በጥቅሉ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ተቀባይነት አለው ይባላል። የአይቡፕሮፌን ከ1 በመቶ በታች ነው። በምሳሌ እናስላው። 60 ኪሎግራም የምትመዝን እናት በቀን 1200 ሚሊግራም ብትወስድ በኪሎግራም 20 ሚሊግራም ይሆናል። የዚህ 1 በመቶ 0.2 ሚሊግራም ነው። ሕፃኑ 4 ኪሎግራም ቢመዝን በቀን ቢበዛ 0.8 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ዕድሜያቸው ለዚህ መድኃኒት ለደረሰ ሕፃናት ሐኪም ለትኩሳት የሚያዘው ግን በአንድ ጊዜ ብቻ በኪሎግራም ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ነው። ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። እናቲቱ በቀን 80 ሚሊግራም ብትወስድ እንኳ ሕፃኑ የሚደርሰው ከ0.1 በመቶ በታች እንደሆነ ተለክቷል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ20 ሚሊግራም በታች የምትወስድ እናት ማጥባቷን እንድትቀጥል፣ 20 እና ከዚያ በላይ የምትወስድ ደግሞ ከዋጠች በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ያለውን ወተት እንዳትሰጥ ይመክራል። እነሆ «ጡት አቁሚ» ከማለትና «አራት ሰዓት ቆዪ» ከማለት መካከል ያለው ርቀት! የተማሪያችን መጠን በቀን 10 ሚሊግራም ነበር።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታ

ይሁን እንጂ አንድን ቀመር ስላወቅን ሁሉን የምናውቅ እንዳይመስለን። ሜቶትሬክሴት ከደም ውስጥ በሰዓታት ይወጣል፤ ነገር ግን በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ብዙ ይቆያል። ሴሎች እንዳይራቡ የሚያግድ መድኃኒት ስለሆነም መመሪያዎቹ ለምታጠባ እናት አይመክሩትም። ከእርግዝና በፊትም ቀደም ብሎ መቆም ያለበት ነው። ደግሞም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ በስሕተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ተማሪያችን ሕመሙ ሲበረታባት ያን የተረፈ እንክብል ልትጀምረው አስባ እንደነበር ኋላ ነገረችን። በአንጻሩ የሃይድሮክሲክሎሮኪን ግማሽ ዕድሜ 40 ቀን ገደማ ቢሆንም ወደ ወተት የሚያልፈው ጥቂት በመሆኑ ለሚያጠቡ እናቶች ይፈቀዳል። ረጅም ዕድሜ በራሱ አደጋ አይደለም፤ አጭር ዕድሜም በራሱ ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን አገር የሚመለከተው የኮዴይን ጉዳይ ነው። ኮዴይን በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። አንዳንድ ሰዎች የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው በላይ ቅጂ ስላላቸው ኮዴይኑን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጡታል፤ የምታጠባ እናት ከሆነች ሞርፊኑ ለሕፃኑ ይተርፋል፤ የሕፃኑንም ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይተዋል። በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንንም ትራማዶልንም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «በማን ላይ የተለካ ስንት?» ብለን መጠየቅም አለብን። ባሕር ማዶ የተለካ ቁጥር ሁሉ በእኛ አካል ላይ እንዳለ አይሠራም፤ የራሳችንን መለካት የሳይንስ ፋኩልቲዎቻችን ዕዳ ነው።

ሰባት መድኃኒት፣ ሃያ አንድ ጥያቄ

ሌላው ቸል የሚባለው የመድኃኒቶች ብዛት ነው። ሁለት መድኃኒት ሲኖር በመካከላቸው ያለው ግንኙነት አንድ ነው። ሦስት ሲሆኑ ሦስት፣ አምስት ሲሆኑ አሥር፣ ሰባት ሲሆኑ ሃያ አንድ ጥንድ ይፈጠራል። ሁሉም ጥንድ አደገኛ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መጠየቅ አለበት። በዚያ ፌስታል ውስጥ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ነበሩ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አብሮ መዋጥ ጥቅሙን ሳይሆን ጉዳቱን ይጨምራል። ፕሬድኒሶሎን ሲታከልበት የጨጓራ መድማት አደጋው ከፍ ይላል። ካልሲየም የብረትን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል፤ አራስ ቤት የማይጠፋው ቡናም እንዲሁ፤ ስለዚህ ብረቱን ለብቻው በሌላ ሰዓት መውሰድ ይገባል። ፓራሲታሞል ደግሞ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ በሌላ ስም ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም የማያልፈው ወሰን ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል።

ይህን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓት፣ ያዘዘው ሰው፣ የሚቆምበት ቀን በአምስት ዓምድ ይጻፍ። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣ እናት በልቧ ልትይዘው አትችልም፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይጻፍላት፤ ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ስትሄድ ያ ወረቀት አብሯት ይሂድ።

መድኃኒት ያልሆነ መድኃኒትም አለ፤ ይህኛው የራሳችን ሙያ ነው። በመፈንቅል ሕግ እንመልከተው። 4 ኪሎግራም የሚመዝን ሕፃን ከክርን 32 ሳንቲሜትር ርቆ በመዳፍ ላይ ቢያርፍ፣ ክንድን የሚያጥፈው ጡንቻ ከክርን 4 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ስለሚያያዝ 32 ኪሎግራም እንደሚመዝን ዕቃ መሳብ ይኖርበታል። ሕፃኑ ወደ ክርን ቀርቦ 12 ሳንቲሜትር ላይ ቢተኛ ግን 12 ኪሎግራም ይበቃል፤ አንጓና ጣቶችም ያርፋሉ። ስለሆነም በአውራ ጣት ብብቱን ይዞ ከማንሣት ሁለቱን ክንዶች ከሥሩ አስገብቶ ወደ ደረት አስጠግቶ ማንሣት ይሻላል። ስታጠባም ክብደቱን ትራስ ይሸከምላት። ልጁ አንገቱ ሲጠና አንቀልባ ሸክሙን ከጣት ወደ ጀርባ ያዛውራል፤ ማሰሩና መፍታቱ ግን ጣት ስለሚፈልግ ሌላ ሰው ይሰርላት። ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጀሪካን መሸከም ለጊዜው የባልና የወንድም ሥራ ይሁን። ይህ ውለታ አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

አስተያየታችን

እንደኛ አመለካከት የዚህች እናት ሥቃይ ግማሹ የበሽታው ነው፤ ግማሹ ግን ቁጥር የመንፈግ ልማዳችን ውጤት ነው። ፍርሃቷም፣ የተረፈውን ሜቶትሬክሴት ልትጀምር መድፈሯም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ለታካሚ ቁጥር መንገር ግራ ያጋባታል የሚሉ ባለሙያዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሥራ በዝቶባቸው፣ ከደጅ የቆመው ሰልፍ ረዝሞ፣ ለማብራራት ጊዜ እንደሚያጡም አንክድም። ነገር ግን የአገራችን እናት የእርሾውን መጠን፣ የእቁቡን ሳምንት፣ የቤቱን ወጪ ያለ ካልኩሌተር የምትይዝ ናት። «አራት ሰዓት ቆዪ» የሚለውን አትረዳም ማለት አያስኬድም። ለማብራራት አምስት ደቂቃ ቢጠፋም መጠንና ሰዓት በወረቀት ላይ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እናንተ ተማሪዎችም ብትሆኑ በቤታችሁ አራስ እኅት፣ በሽተኛ እናት ወይም አክስት አታጡም። ሐኪም ሁኑ አንላችሁም፤ መድኃኒት አታዝዙም፣ አታስቆሙም። ነገር ግን ወረቀቱን መጻፍ፣ ሐኪሙን «ስንት? በየስንት ሰዓት? እስከ መቼ? ለሚጠባ ሕፃን የተለካ አለው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ትችላላችሁ። ግማሽ ዕድሜን ለፈተና ብቻ የተማረ ሰው ገና አልተማረውም።

ተማሪያችንን በቅርቡ አግኝተናት ነበር። ሐኪሟ ፕሬድኒሶሎኑን መልሶላታል፤ ዳይክሎፌናኩን አስቀርቷል፤ የተረፈውን ሜቶትሬክሴት ወስዶ በምትኩ ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒት ጀምሮላታል። ማጥባቷን አላቋረጠችም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አሁንም ይገትራሉ፤ ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም። ሕፃኑን ግን አሁን ራሷ ታነሣዋለች፤ በሁለት ክንዶቿ፣ ወደ ደረቷ አስጠግታ። ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከላይ በትልቁ የጻፈችው ቃል «ስንት?» የሚል ነው።